ኔትወርክ ያለበት ዳገት

እጄ ላይ የሰው ደም እያለ ስልኬን ቀና አድርጌ «በቀጥታ ነው ያለነው፤ የምትሰሙን ጻፉልን» ያልኩ ሴት ነኝ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበውን አውቃለሁ። እኔም ስለ ሌላ ሰው ቢነገረኝ ያንኑ አስብ ነበር። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት የዚያን ዕለት ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ብትፈርዱም ቅር አይለኝም፤ ትልቁን ፍርድ ራሴ በራሴ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት አሶሳ ዙሪያ ካሉት በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው። በዚያን ጊዜ እብነ በረድ ቆርጦ በሚያለሰልስ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ጸሐፊ። ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። ቃለ ጉባኤ ስይዝ ስርዝ ድልዝ የለብኝም፤ ቀን፣ አጀንዳ፣ የተናጋሪ ስም፣ ሁሉም በመስመሩ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ለማ መዝገቤን ለእንግዳ ሲያሳዩ «እዩት፣ የታተመ ነው የሚመስለው!» ይሉ ነበር። እኔም በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

የማኅበራችን ችግር ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነበር። ግማሹ አባል አሶሳ ዳር ባለው ፋብሪካ ይሠራል፤ ግማሹ ከመንጌ ወዲያ ባለው ካባ ድንጋዩን ከተራራው ይቆርጣል። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዘነበ አላህ ያውቃል። ስብሰባ የሚደረገው አሶሳ ስለሆነ የካባዎቹ ሰዎች አንድም ቀን ተገኝተው አያውቁም። እኛ ስለ እነሱ እንወስናለን፣ እነሱ በሹፌር አፍ ይሰማሉ። «የከተማ ማኅበር» ነበር የሚሉን።

ስብሰባውን በስልክ በቀጥታ እናስተላልፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ለማ ሳቁብኝ። «ጸሐፊያችን አርቲስት ልትሆን ነው» አሉ። እሳቸው የድሮ መካኒክ ናቸው፤ ስልክ ለመደወል ብቻ የተሠራ ነው የሚመስላቸው። የመጀመሪያውን ቀን ያዩን ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ እህቶቼ ናቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከካባው አንድ ሰው ጻፈልን፦ «እዚህ ዳገት ላይ ወጥተን እያየን ነው። ድምፁን ጨምሩት።»

ካባው ራሱ ኔትወርክ የለውም። ወደ መንጌ የሚመጣው መንገድ ላይ ግን አንድ ዳገት አለ፤ አናቱ ላይ ብቻ ኔትወርክ ይይዛል። ሲወርዱ ይጠፋል፣ እስከ መንጌም አይመለስም። ሰዎቹ ከሥራ ወጥተው፣ በእግራቸው እዚያ ድረስ ተጉዘው፣ በሁለት በሦስት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው ስብሰባችንን ሲከታተሉ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስብሰባው መልኩ ተለወጠ። ጋሽ ለማ አንድ አጀንዳ በችኮላ ሊያሳልፉ ሲሉ ከዳገቱ ጥያቄ ይመጣል። እኔ አነባለሁ። መመለስ ግድ ነው። በኋላ ጋሽ ለማ ራሳቸው በማይወዱት አጀንዳ ላይ እንኳ «ዳገቶቹ ምን ይላሉ?» ማለት ጀመሩ።

ያ ሁሉ ነገር የሆነበት ቀን ነገሩን የምንገለብጥበት ቀን ነበር። እኔ ወደ ካባው ሄጄ፣ ስብሰባው ከዳገቱ ላይ ተካሂዶ፣ የፋብሪካው ሰዎች በካንቲኑ ቴሌቪዥን እንዲያዩን ተስማምተናል። ክረምት ነው። ጓንትና የራስ ቆብ የጫነች ፒክአፕ ላይ ወጥቼ ጠዋት ካባው ደረስኩ። ሹፌራችን ሙስጠፋ የመንጌ ተወላጅ፣ በርታ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ብቻ ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ «አንተ» ነው የሚለው። ለምጄው ነበር።

አራት ሰዓት አካባቢ ጓንት እያደልኩ፣ እያስፈረምኩ ነበር። ድንገት አየሩን የሰነጠቀ ድምፅ ሰማሁ፤ ትልቅ ጅራፍ የጮኸ ይመስላል። ቀና ስል ድንጋዩን የሚቆርጠው የብረት ሽቦ ተበጥሶ በአየር ላይ ሲገረፍ አየሁ። ሰው ሁሉ ተበተነ። አንድ ሰው ብቻ አልሸሸም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በመገረም የራሱን ጭን ያያል። አልኑር ነበር፤ ከድንጋይ ቆራጮቹ አንዱ፣ እንደ ሙስጠፋ በርታ፣ እንደ እሱም ሁሉን «አንተ» የሚል።

ማሽኑን ይዞ የነበረው ደረጀ ነው፤ ወላጆቹ ከወለጋ የመጡ፣ እሁድ እሁድ ባምባሲ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘምር ጸጥተኛ ሰው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም፣ በደረቱ እየተሳበ አልኑርን በብብቱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑን አሰረው። እኔ ሻሼን አውልቄ ቁስሉ ላይ ጫንኩ። ደሙ ሞቃት ነበር፤ ይህን ለምን እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ግን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

የፒክአፕዋ ጭነት ቦታ ላይ ሸራ አንጥፈን አስተኛነው። ጭንቅላቱ ደረጀ ጭን ላይ፣ እግሩ እኔ እጅ ላይ። ሙስጠፋ መኪናዋን አስነሳ። ገና ከካባው ሳንወጣ ጭቃው ያዘን። ጎማው ይዞራል፣ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ሰዎች መጥተው ገፉ፣ ቀርከሃ ቆርጠው ከጎማው ሥር አነጠፉ። እኔ የማየው ሻሼን ብቻ ነው፤ ቀለሙ እየተለወጠ ነው። «አልኑር አትተኛ፤ አናግረኝ» እለዋለሁ። «አልተኛሁም» ይላል። «አናግረኝ እንጂ!» «ምን ልናገር?» ይላል። ከጭቃው ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።

እኛ ጭቃ ውስጥ ስንታገል፣ ያላወቅነው ነገር፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ደሙን ሲያይ ደንግጦ በአቋራጩ ወደ ዳገቱ ሮጦ ወጥቷል። ወደ ፋብሪካው ደውሎ «አልኑር ሞተ! ደረጀ ማሽኑን ለቀቀበት!» ብሏል። ክፉ ሰው አይደለም። ያየው የመሰለውን ነው የተናገረው።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ አብዶ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ መልእክት በመልእክት ላይ። በአንድ እጄ አወጣሁት። «እውነት ነው?» «ማን ገደለው?» «ደረጀ የታለ?» ወዲያው ጋሽ ለማ ደወሉ። ከኋላቸው ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል።

«ሰዓዳ! አልኑር ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አልሞተም! እጄ ላይ ነው ያለው፤ መንጌ ጤና ጣቢያ እየወሰድነው ነው።»

«እዚህ ሞቷል ተብሏል። ደረጀ ሆን ብሎ ነው የገደለው ነው የሚባለው። የደረጀ ወንድም ጌታሁን ኮምፕሬሰር ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፏል። በሩን እየደበደቡት ነው። ብረት ይዘዋል ልጄ!»

«ንገሯቸው እንጂ!»

«ነገርኳቸው! አሁንም ድምፅሽን እያሰማኋቸው ነው፤ ‹አስጠንተዋት ነው› ይላሉ።»

«ፎቶ ልላክ?»

«ፎቶው የመቼ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ያ ነገርሽ፣ በቀጥታ የምታሳዪበት… እሱን አድርጊ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል።»

በክልላችን አንድ ሰው ሞተ ሲባል ሁለተኛው ጥያቄ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማን ነው፣ የማን ወገን ነው፣ የገደለው የማን ወገን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። አይተነዋል።

ሙስጠፋን «አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። «አንተ ምን ነካህ ሰዓዳ? ሰው ደም ይፈሳል፣ አንተ ስልክ ትላለህ? አልቆምም!»

እውነቱን ነው። ከዳገቱ ስንወርድ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እስከ መንጌ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ብንቆም አልኑር ደሙ ይፈሳል። ባንቆም በሩ ይሰበራል። ደረጀን አየሁት። ሁሉንም ሰምቷል።

«አትቁሙ» አለ። «በኔ ወንድም ምክንያት እንዳትቆሙ። ይሄ ሰው ይሙት እንዴ?»

አልኑር ዓይኑን ገለጠ። «ምንድነው?»

ነገርኩት። ሳላሳምር፣ ሳልቀንስ ነገርኩት። «ስንት ደቂቃ?» አለኝ።

«ሦስት።»

በበርታኛ ለሙስጠፋ አንዲት ቃል ተናገረ። መኪናዋ ቆመች።

«አልኑር፣ ፊትህን ላሳይ? ትፈቅዳለህ?»

«አሳይ። እግሬን አታሳይ። እናቴ ታያለች።»

ልከፍት ስል ከቢሮ ተደወለልኝ። የአስተዳደር ኃላፊው ነበሩ። «ሰዓዳ፣ ያለ ቢሮው ፈቃድ ምንም ነገር እንዳታወጪ። መግለጫ እየተዘጋጀ ነው። ይህን ብትጥሺ ሥራሽን እንዳታስቢው።» መግለጫ! ስልኩን ዘጋሁባቸው። በሕይወቴ በአለቃ ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከፈትኩት። ደረጀ የአልኑርን እግር ከእኔ ተቀብሎ በአንድ እጁ ጫነ፣ በሌላው ጭንቅላቱን ደገፈ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ካሜራው ውስጥ አስገባኋቸው፤ የአልኑር ፊት ደረጀ ጭን ላይ፣ የደረጀ እጅ አልኑር ግንባር ላይ። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ዓረፍተ ነገር ያልኩት ያኔ ነው።

ጽሑፎቹ ይወርዱ ጀመር። «የድሮ ቪዲዮ ነው።» «ተቀነባብሮ ነው።» «እግሩን ለምን አታሳዪም?» «አስገድደውት ነው።» ምስሉ ይቆማል፣ ይቀጥላል። በአማርኛ «ጓዶች፣ እዩት፣ በሕይወት አለ» እላለሁ፣ ማንም የሚሰማኝ አይመስልም። ያኔ አንዲት ሴት ገብታ ለመናገር ጠየቀች፤ ሐዋ ናት። ሐዋ የአልኑር ታላቅ እህት፣ ፋብሪካው ውስጥ ማለስለሻው ላይ የምትሠራ። አስገባኋት።

ሻሽዋ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ በሩ ሲደበደብ ይሰማል። ወንድሟን ስታየው አፏን ያዘች። ከዚያ በበርታኛ ጮኸችበት። የገረመኝ፣ አልኑር ሳቀ። አመመው፣ ግን ሳቀ። እሷም ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች። የብረቱ ድምፅ ትንሽ ቀነሰ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችው። አልኑር ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። በበርታኛ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ።

አንድም ቃል አልገባኝም። እዚያው ክልል ተወልጄ፣ ከበርታዎች ጋር ተምሬ፣ ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው የማውቀው። ፋብሪካው ውስጥ ግን ግማሹ ሰው ይሰማዋል። ምን እያለ ይሆን? «ደረጀ ነው» ቢልስ? አንዲት ቃል ቢሳሳትስ? ስልኬ ላይ የጋሽ ለማ መልእክት ብቅ አለ፦ «ምን እያለ ነው? ቁረጪው! ሌላ እሳት እንዳይጭር!» ጣቴ መዝጊያው ላይ ሄደ። ሙስጠፋን አየሁት፣ ከፊቱ እንዳነብ። እሱ ግን ከመኪናዋ ወርዶ ቆሞ ጭቃውን ያያል፤ ዓይኔን ሸሸው። ክፉ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

አልዘጋሁትም። ለምን እንዳልዘጋሁት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያኔ የታሰበኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሰውየው የራሱ እግር ነው፣ የራሱ አፍ ነው፣ የምን ሥልጣን ኖሮኝ ነው የማቆመው?

አልኑር ጨረሰ። የብረቱ ድምፅ ፈጽሞ ቆሟል። ሐዋ ስልኳን እንደያዘች መራመድ ጀመረች። ምስሉ ይናጣል፤ ሰዎች ሲያሳልፏት፣ አንዱ በእጁ የያዘውን ብረት ወደ ጀርባው ሲደብቅ አየን። ኮምፕሬሰር ክፍሉ በር ላይ ደርሳ በመዳፏ መታች።

«ጌታሁን! እኔ ነኝ፣ ሐዋ። ክፈት። ወንድምህ ወንድሜን ይዞታል፤ ና እይ።»

ደረጀ እኛ ጋ ሆኖ «ጌቾ፣ ክፈት፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ነን» አለ። ድምፁ ተቆራረጠ። የመቀርቀሪያው ድምፅ ተሰማ። በሩ ሲከፈት አየን፤ ጌታሁን ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል፣ ሐዋ ስልኳን ፊቱ ላይ ይዛለታለች። ከዚያ ምስሉ ጠፋ።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ያልኩት ሰባት ደቂቃ ሆኗል።

ሙስጠፋ ቁልቁለቱን እንደ እብድ ወረደ። አልኑር ከናፍሩ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ደረጀ በጆሮው ይጸልይለታል። የኋላው መስኮት ክፍት ስለነበር ሙስጠፋን ጮኼ ጠየቅሁት፦ «ምንድነው ያለው? ንገረኝ!»

«ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ!»

«መጀመሪያ ሐዋ ‹አዲሱ ጫማህ የታለ?› ብሎ ተቆጣ። እሷ ነው የገዛው። አንድ ጫማ እዚያ ቀረ። ለዚህ ሳቀ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ሐዋ ‹ማን ነው ያደረገህ?› አለ። አልኑር አለ፣ ‹ደረጀ አይደለም። ደረጀ ባይጎትተኝ ሽቦው አንገቴ ይቆርጥ ነበር። ሽቦ ፊት የሚሰቀል፣ ሲበጠስ የሚይዝ ጎማ ነበር። ጎማው ተቀደደ፣ ተነሣ፣ ሌላ አልመጣም› አለ።» ሙስጠፋ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ሌላስ? ብዙ ነው የተናገረው።»

«ሰዓዳ፣ ተወው።»

«ሙስጠፋ!»

መስታወቱ ውስጥ አየኝ። «‹ለሰዓዳ ነገርኩት› አለ። ‹ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ደብተር ላይ ጻፈ። ጽሑፉ ቆንጆ ነው። ከደብተር አልወጣም።› ይሄ ነው።»

እግሩን ይዤ ነበር። አልለቀቅሁትም። ግን ከዚያ በኋላ እስከ መንጌ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

እውነት ነው፤ ነግሮኛል። ለዕረፍት አሶሳ በመጣ ጊዜ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ «ሰዓዳ፣ ጎማው ተቀዷል፤ ሽቦ ሲበጠስ የሚያቆመው የለም» አለኝ። ጻፍኩ። በሌላ ጊዜ ተመልሶ «ምን ሆነ?» አለኝ። «አጀንዳ ተይዟል» አልኩት። ለጋሽ ለማ ነግሬያቸው ነበር። የኅብረት ስምምነቱን ለመፈረም ከአስተዳደሩ ጋር ጫፍ ላይ ነበርን። «አሁን ክስ ብናነሳ ይነካካል፤ ይፈረምና እናነሳዋለን» አሉኝ። ልክ መሰለኝ። በሚያምር ጽሑፍ «ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። እንግዲህ ያንን ነገር በገዛ እጄ ስልክ ይዤ ለመላው አባል ያስተላለፍኩት እኔው ነኝ።

መንጌ ጤና ጣቢያ ደሙን አቁመው በአምቡላንስ ወደ አሶሳ ሆስፒታል አሳለፉት። ሐኪሙ ቀበቶውን ማን እንዳሰረ ጠየቀ። ደረጀ እጁን አነሣ። «አንተ ነህ ያዳንከው» አለው። ደረጀ ያኔ ነው ግድግዳ ተደግፎ ያለቀሰው። ስለ ሰባቱ ደቂቃ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጋሽ ለማ ግምጃ ቤት መጡ። በሩን ዘጉ። ቪዲዮው በክልሉ ተዳርሷል፤ አስተዳደሩ ተንቀጥቅጧል፤ ጎማው በዚያው ቀን ተገዝቶ ሄዷል።

«ይህ ለማኅበሩ ትልቅ ጉልበት ነው» አሉኝ። «ብቻ በእኛ ገጽ ላይ ካለው የመጨረሻዋን ቆርጠሽ አስቀሪ። እስከ ጎማው ድረስ ያለው ይበቃል። በርታኛ የማይሰማው ሰው አያውቅም፤ የሚሰማውም ይረሳዋል። ጥፋቱ የድርጅቱ ነው። እኛን አብሮ ማስጠቆር ማንን ይጠቅማል?»

«ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩበት።»

«ለዚያ ነው የምልሽ!» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሠራተኛ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። ፊታቸውን ሳየው ግን የራሴን ነው ያየሁት።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስመላለስ ዋልኩ። አንዴ ቪዲዮውን ልቆርጥ እከፍታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። አንዴ መልቀቂያ እጽፋለሁ፣ እቀደዋለሁ። ሥራ መውጫ ላይ ስልኩን የዘይት ጣሳ ላይ አስደግፌ ለብቻዬ ቀጥታ ገባሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። ያንን ገጽ እንዳለ አነበብኩት፤ ቀኑን፣ የአልኑርን ቃል፣ «ተላልፏል» የምትለዋን። «ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው» አልኩ። «የአልኑር በርታኛ ያልገባችሁ ካላችሁ፣ ያለው ይህን ነው፤ ያለውም እውነት ነው።» ከዚያ ወደ ኋላ እየገለጥኩ እንዲሁ «የተላለፉ» ሌሎች አቤቱታዎችን አነበብኩ፤ አቅራቢዎቹን ስላላስፈቀድኩ ስማቸውን ዘልዬ። ብዙ ነበሩ። ብዛታቸውን እዚያው ሳነብ ነው የተረዳሁት።

ተሳደቡ። «ደም አለብሽ» ያለኝ አለ። «አይዞሽ» ያለኝም አለ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አመመኝ። ስጨርስ በሩ ላይ ሐዋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። አጠገቤ መጥታ መዝገቡን አነሣች፣ ገጹን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቅር እንድልሽ ከሆነ አሁን አልችልም» አለችኝ።

«አልጠየቅሁሽም።»

«ነገ ግን ከእነዚህ የመጀመሪያውን ይዘን ቢሮ እንግባ። አንቺ ስልኩን ያዢ፤ እኔ እናገራለሁ።»

እንደዚያ ተጀመረ። በሚቀጥለው ጉባኤ ጸሐፊነቱን ለቀቅሁ፤ ሐዋ ተመረጠች። ጋሽ ለማ አሁንም ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጉባኤው ፊት ቆመው የራሳቸውን ድርሻ ተናግረዋል። አለቃዬ የዛቱብኝን የሥራ ስንብት ሊያደርጉት አልደፈሩም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ማኅደሬ ውስጥ አኖሩት። የእኔ ሥራ አሁን ስልክ መያዝ ነው። አቤቱታ ያለው ሰው በየሳምንቱ ራሱ ይናገራል፣ በሚቀናው ቋንቋ፣ የሚተረጉም ሰው አጠገቡ ተቀምጦ። መልስ ያላገኘ ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ዳግም ይነሣል፤ «ተላልፏል» የምትለውን ቃል ሐዋ ከልክላለች። ሁሉን ነገር ደግሞ አናስተላልፍም። ስሜ ቢታወቅ እባረራለሁ የሚል ሰው ፊቱ አይታይም፣ ድርድር ላይ የምንመክረው ለእኛው ይቀራል፣ ቁስል አናሳይም። ይህን የመጨረሻውን ያስተማረን አልኑር ነው።

ማኅበር ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያንን ስልክ ስገዛ አስተዳደሩ ላይ የማነጣጥርበት መስሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ አስተዳደሩም ይፈራዋል። ግን ለአባሎቻችሁ በቀጥታ መናገር ስትጀምሩ እነሱም በቀጥታ መናገር ይጀምራሉ፣ እናንተ በማትሰሙት ቋንቋም ጭምር። ለዚያ ካልተዘጋጃችሁ ባትጀምሩት ይሻላል። እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።

አልኑር ከብዙ ወራት በኋላ እያነከሰ ወደ ሥራ ተመለሰ። ካባው አልሆነለትም፤ ግምጃ ቤት አብሮኝ ተመደበ። ለረጅም ጊዜ ከዕቃ በቀር ሌላ አልተነጋገርንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቦልት እየቆጠርን ሳለ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ያን ቀን ዳገት ላይ ለምን አልዘጋህም?»

«ምን እንደምትል አላወቅሁማ።»

«ብታውቅስ?»

ቦልቶቹን አስቀመጥኩ። ጥሩ ሴት የሚያሰኘኝን መልስ አፌ ላይ አምጥቼው ነበር። ግን ዓይኔን እያየ ነው፤ ያንን መልስ ማለት አቃተኝ።

«አላውቅም፣ አልኑር» አልኩት። «ምዬ ልነግርህ አልችልም። አላውቅም።»

አየኝ። ከዚያ የቦልቱን ሣጥን በመካከላችን እንዲሆን ወደ እኔ ገፋው።

«እሺ» አለ። «አሁን መቁጠር እንቀጥል።»